ሌላ ቀን ጨዋ የሆነው ልጅ በዓል ሲመጣ ምን ይነካዋል?

የፋሲካ ዕለት ከቀትር በኋላ በብዙ ቤት የሚታይ ነገር አለ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ወጡ ቀርቧል፣ ዘመድ ሞልቷል፤ አዲስ ልብስ የለበሰው የስድስት ዓመት ልጅ ግን ወለሉ ላይ ተዘርሮ ይጮኻል። ምክንያቱ ሲጣራ የደረሰው እንቁላል ተሰንጥቋል፣ ወይም ታናሽ እህቱ በእሱ ብርጭቆ ጠጥታለች። አያት «ምነው ይሄ ልጅ፣ ምን ነካው?» ይላሉ። አክስት «ሰው ሲያይ ነው የሚብስበት» ትላለች። እናት እንግዳ ፊት ስላፈረች ዓይኗን ታፈጥበታለች። አባት «በዓል ባይሆን ኖሮ…» ብሎ ይጀምርና ይተወዋል።

ሁሉም የልጁን ጠባይ አይተዋል፤ የዋለበትን ሰዓት የቆጠረ ግን የለም። በበዓል ቀን ልጅን የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ የቀኑ አዋዋል ነው፤ ቀኑን እንደዚያ ያደረግነው ደግሞ እኛ አዋቂዎቹ ነን። ስለዚህ ከመቆጣት በፊት ያለፈውን አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን በልጁ በኩል ሆኖ መቁጠር ይጠቅማል።

ቅዳሜ ማታ የቤቱ መብራት አልጠፋም። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ዶሮ ሲታጠብ፣ ስልክ ሲደወል ልጁ እንቅልፍ የወሰደው በአራት ሰዓት ገደማ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ያደሩት ተመልሰው ጾም ሊፈቱ ሲቀመጡ እሱም ተቀሰቀሰ፤ ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ማንም ልጅ ሊቀርበት አይገባም። ተመልሶ የተኛው አስር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን የተኛበት ፍራሽ ለእንግዳ መነሳት ስላለበት ተነሣ። ሌሊት ተበልቷልና ቁርስ የሚያስታውስ የለም። ምሳው አጎት እስኪደርስ ይጠበቃል፣ አጎት ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚደርሰው። እስከዚያ በእጁ ቁራሽ ድፎ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይዟል። ስማቸውን የማያውቃቸው ሰዎች ጉንጩን ስመውታል፣ «ስንተኛ ወጣህ?» ብለው ጠይቀውታል፣ ከአክስቱ ልጅ ጋር ቁመቱን ለክተውታል። እንቁላሉ የተሰነጠቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ልጁ ቢበዛ ሰባት ሰዓት ተኩል ተኝቷል፣ እሱም ለሁለት ተቆርጦ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንዲተኛ ይመክራል። ወላጅን የሚያሳስተው አዋቂና ልጅ ድካማቸውን የሚገልጹበት መንገድ መለያየቱ ነው። አዋቂ ሲደክመው ያዛጋል፣ ጥግ ይፈልጋል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ይማታል፣ በትንሽ ነገር ያለቅሳል። ያየው ሁሉ «ይሄ ልጅ ጉልበቱ አያልቅም» ይላል፤ ጉልበቱ ያለቀው ግን ጠዋት ነው።

ደስታም ያደክማል

«በደስታ ቀን ምን ያስጨንቀዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰውነት ለፍርሃትም ሆነ ለታላቅ ደስታ የሚዘጋጀው በተቀራራቢ መንገድ ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ይረጫሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ነገሩ ሲራዘም ኮርቲሶል የተባለው ይከተላል። ይህ ለአጭር ጊዜ ጤናማ ነው። ከዋዜማ እስከ ማግስት ያለ ዕረፍት ሲቀጥል ግን ልጁ ተወጥሮ ይውላል፣ ምሽት ላይ እንተኛ ሲባልም ሰውነቱ እሺ አይልም።

በዚህ ላይ ስሜትን የሚገታው፣ ተራ የሚያስጠብቀው፣ «ቆይ አስብ» የሚለው የአንጎል የፊት ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው ወደ ሃያዎቹ አጋማሽ ዕድሜ ነው። የስድስት ዓመት ልጅን «ራስህን ግታ» ስንለው ገና ባልጨረሰ አካል እንዲሠራ እየጠየቅነው ነው። እንቅልፍና ረሃብ ሲጨመሩበት ያለችውም ትዳከማለች። አዋቂውም ቢሆን ሌሊቱን ወጥ ሲሠራ አድሮ ትዕግሥቱ ምን ያህል እንደሚቀር ያውቀዋል።

ጥፋቱን በስኳር ላይ የሚጥሉ ብዙ ናቸው፤ «ከረሜላው ነው ያሰከረው» ይባላል። ይህ ግን ተመርምሮ ያልጸና እምነት ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ፣ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ ስኳር የልጆችን ባሕርይ እንደሚለውጥ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት ይበልጥ ያስገርማል፦ ልጆቻቸው ስኳር እንደተሰጣቸው የተነገራቸው እናቶች፣ ልጆቹ የቀመሱት ስኳር የሌለው መጠጥ ሆኖ ሳለ፣ እረፍት የለሽ ሆነው ታይተዋቸዋል። ጣፋጭ ለጥርስ ጠንቅ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። በበዓል ቀን በእርግጥ የሚያነቃው ካፌይን ነው፤ እሱ በኮላ ለስላሳዎች ውስጥ አለ፣ «በረካ ነው፣ ቀጥኗል» ተብሎ ለልጅ በሚሰጠው ቡና ውስጥም አለ። «ለልጅ ነው» የሚባለው የጠላ ቅራሪም አልኮል አያጣውም። ልጅ አይቅመሰው።

እንግዳ፣ ጉንጭና «ስንተኛ ወጣህ?»

የእኛ በዓል የእንግዳ በዓል ነው። ውበቱም እዚያው ነው፤ ልጅን የሚያደክመውም እዚያው ነው። ልጅ እንግዳ ፊት ጨዋ ሆኖ መቀመጥ ይችላል፣ ግን በነጻ አይደለም፤ ለሁለት ሰዓት የገታውን ስሜት የሚያወርድበት ቦታ ይፈልጋል። ያንን የሚያወርደው የትም አይደለም፣ እናቱ ጭን ላይ ነው። «ሌላ ሰው ጋ መልአክ፣ እኔ ጋ ሰይጣን» ብለው የሚያማርሩ እናቶች አሉ። ልጁ አምርሮ የሚያለቅሰው ብለቀቅም አይጥለኝም በሚለው ሰው ፊት ነው። የሚያናድድ ክብር ነው፤ ክብር መሆኑ ግን አይቀርም።

ልጅ ያልፈለገውን ሰው እንዲስም መገደድ የለበትም። ይህን ስል «የፈረንጅ አስተዳደግ» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ነገር ግን እጅ ነስቶ፣ ከወገብ ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለት ከማንም ያልተዋስነው ጨዋነት ነው። «ትስማታለህ ወይስ እጅ ትነሣለህ?» ብሎ ምርጫ መስጠት አያትንም አያስከፋ፣ ልጅንም አያስጨንቅ። ደግሞም ሰውነቱን ለማይፈልገው ሰው ያለመስጠት መብት እንዳለው በቤቱ የተማረ ልጅ፣ ክፉ ሰው ሲገጥመው እምቢ ማለትን ያውቃል።

«ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ጥያቄ ወላጅ ቀድሞ ሊመልሰው ይችላል፦ «ዘንድሮ በሥዕል በርትቷል፣ አሳያቸው እስቲ።» በሰው ፊት ከአክስት ልጅ ጋር ማወዳደር፣ «እናትህን ነው አባትህን የምትወደው?» ብሎ ማፋጠጥ፣ ሲያለቅስ መሳቅ፣ እነዚህ ለአዋቂው ጨዋታ ናቸው። ልጁ ግን ጨዋታ መሆኑን አያውቅም።

ከሁሉ የሚከፋው በጠረጴዛ ሥር የሚሰጠው ቁንጥጫና «እንግዶቹ ይሂዱና ታያለህ» የሚለው ዛቻ ነው። ለማታ የተቀጠረ ቅጣት ልጁን ጨዋ አያደርገውም፤ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቀው ይውላል። በጥበቃ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ይቁነጠነጣል፣ ያፈስሳል፣ ይሰብራል፣ አንዳንዱም ይሸናል። ከዚያ ሌላ ቁጣ ይከተላል።

ሕፃን ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ውሎ ሌሊት አልተኛ ሲል «ዓይን በልቶት ነው» ይባላል። ብዙ ፊት፣ ብዙ ሽታ፣ ብዙ ድምፅ የጠገበ ሕፃን ጸጥ ያለ ጨለማ ክፍልና የለመደው ክንድ ነው የሚያስፈልገው። ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ጡት እምቢ ማለት ካለ ግን ድካም ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ጤና ጣቢያ ይታይ።

በጉ

ስለ በጉ ብዙ አይጻፍም፤ መጻፍ ያለበት ግን ይመስለኛል። በጉ ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ ይመጣና ግቢ ውስጥ ይታሰራል። ልጁ ሣር ያበላዋል፣ ውኃ ያጠጣዋል፣ ስም ያወጣለታል፣ ግንባሩን ያሻሸዋል። በበዓሉ ጠዋት ያው በግ ዓይኑ እያየ ይታረዳል። ሲያለቅስ «ወንድ ልጅ በበግ ያለቅሳል እንዴ?» ይባላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥብሱን ካልበላህ ተብሎ ይለመናል። ልጁ ማታ ቢቃዥ፣ በማግስቱ ታናሹን ቢማታ፣ ለሳምንት ሥጋ እምቢ ቢል ምን ይገርማል?

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሞት የማይመለስ መሆኑን ገና በቅጡ አይረዳም፤ «ነገ ይነሣል?» ብሎ ይጠይቃል። ከአምስት እስከ ሰባት ባለው ዕድሜ አብዛኞቹ ልጆች ሞት እንደማይመለስና ለሁሉም እንደማይቀር ይረዳሉ፤ በዚያ ጊዜ «አንቺም ትሞቻለሽ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው ስለ በጉ ብቻ አይደለም። መልሱ አጭርና እውነተኛ መሆን አለበት፦ «ሁሉም አንድ ቀን ይሞታል፤ እኔ ግን አሁን ጤነኛ ነኝ፣ ካንተ ጋር ነኝ።»

«በጉ ወደ አገሩ ሄደ» የሚለው ውሸት ብዙ አይቆይም፤ ቆዳ ገዢው በር ሲያንኳኳ ይፈርሳል። ይልቅ በጉ ገና ሲገዛ፣ ወዳጅነቱ ሳይጠነክር፣ ለምን እንደመጣ መናገር ይሻላል። የሚታረድበትን ቀን ማሳወቅ፣ ማየት የማይፈልግን ልጅ ጎረቤት ወይም ሱቅ መላክ፣ ማየት የሚፈልገውንም አጠገቡ ሆኖ ጥያቄውን መመለስ። በእስልምና ሥርዓት የሚታረደው እንስሳ ቢላዋ ሲሳል እንዳያይ፣ አንዱም በሌላው ፊት እንዳይታረድ ጥንቃቄ ይደረጋል። ለእንስሳው የተደረገው ርኅራኄ ለልጁ ቢደረግ ማንም የሚቃወም አይመስለኝም። በዚያ ቀን ሥጋ አልበላም ካለ ሽሮ ይብላ፤ በዓሉ አይፈርስም።

ብርና ጭቅጭቅ

እንቁጣጣሽ የሚውለው ደብተር፣ ዩኒፎርምና የትምህርት ቤት ክፍያ በተደራረቡበት ሰሞን ነው። የዶሮና የዘይት ዋጋ ወሬ በቤቱ ይሰማል፣ ባልና ሚስት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጨቃጨቃሉ፤ ልጅ ደግሞ ዝቅ ያለ ድምፅን ነው አጥብቆ የሚሰማው። ትንሽ ልጅ የሰማውን ነገር ወደ ራሱ ያዞራል፦ ጠቡ በእኔ ጫማ ነው ብሎ ያስባል። ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ «ዘንድሮ አዲስ ጫማ አይገዛም፤ ምግብ አለ፣ ቤት አለ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ሲባል በቂ ነው። ማብራሪያ ማብዛት አያስፈልግም። የማይፈጸም ተስፋ መስጠት ግን ከ«የለም» የበለጠ ይጎዳል።

በዚሁ ሰሞን አበባየሆሽ የሚጨፍሩ ሴቶች ልጆችና ሥዕል የሚያዞሩ ወንዶች ልጆች የራሳቸው ኢኮኖሚ አላቸው። ብር ሲካፈሉ ይጣላሉ፣ አንዷ ከቡድን ትቀራለች፣ አንዱ በር ይዘጋባቸዋል። ያቺ አኩርፋ የገባች ልጅ የደረሰባት በሰው ፊት መገፋት ነው። ብር ሰጥቶ ዝም ማሰኘት ሳይሆን ነገሩን እስከ መጨረሻው ማድመጥ ይጠቅማታል።

የሌለው ሰው

በበዓል ቀን የአንድ ሰው አለመኖር ከሌላ ቀን ይልቅ ይሰማል። እናቱ ዓረብ አገር ሠራተኛ የሆነች፣ በአያት እጅ የሚያድግ ልጅን እናስብ። እናት በበዓሉ ጠዋት በቪዲዮ ትደውላለች፤ አያት ያለቅሳሉ፣ ጎረቤት ሁሉ ስልኩ ላይ ይረባረባል፣ «ና እናትህን አናግር» ይባላል፣ ልጁ ግን አልጋ ሥር ይገባል ወይም «አልፈልግም» ይላል። እናት በዚያ በኩል ልቧ ይሰበራል። ቤተሰቡ «ረሳት» ይላል። ልጁ አልረሳም፤ በሃያ ሰው ፊት እንዲናፍቅ ነው የተጠየቀው። የተላከለት ልብስ ደግሞ ሁለት ቁጥር ጠቦታል፤ እናት የምታስታውሰው የሄደች ጊዜ የነበረውን ቁመት ነውና።

የሚረዳው ነገር ከባድ አይደለም። ከበዓሉ በፊት ልብስ ሲገዛ ልኩን ለክቶ መላክ። ጥሪው ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ልጁና አንድ አዋቂ ብቻ ባሉበት፣ አጭር ሆኖ ቢደረግ። «ናፈቅኩህ? ትወደኛለህ?» ከሚለው ይልቅ «ያቺን ድመት አሳየኝ፣ ጥርስህ ወደቀ እንዴ?» ማለት። መናገር ካልፈለገ አለማስገደድና «ስትፈልግ ትደውልላታለህ» ማለት። «ለእናትህ እነግርብሃለሁ» የሚለውን ማስፈራሪያ ፈጽሞ መተው፤ ሩቅ ያለች እናት ማስፈራሪያ መሆን የለባትም። ከጥሪው በኋላ ለአንድ ሁለት ሰዓት ቢነጫነጭ፣ አያቱን ቢያመናጭቅ፣ ናፍቆቱ ነው የሚናገረው።

ሐዘን ያለበት ቤትም አለ። በእኛ ልማድ ሰው የሞተበት ቤት የመጀመሪያውን በዓል አያከብርም፤ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፣ አብሮ ያመሻል። ለአዋቂው ይህ መጽናኛ ነው። ልጁ ግን ከአጥሩ ወዲያ ጨፈራ እየሰማ፣ በቤቱ ደግሞ መሳቅ ነውር መሆኑን ማንም ሳይነግረው እየገባው ይቀመጣል። ቢጫወት ጥፋተኛ ይሆናል፣ ባይጫወት ልጅ ነው። «አባትህን ስለምንወደው ዘንድሮ ድግስ የለም፤ አንተ ግን ከጓደኞችህ ጋር ችቦ ብታበራ አባትህን መርሳት አይደለም» የሚል አንድ ሰው ያስፈልገዋል። የሟቹን ስም መጥራትም አይፈራ። ስሙ የተደበቀበት ልጅ ሐዘኑንም መደበቅ ይማራል።

ጦርነት ያዩ፣ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ልጆች ደግሞ ርችት ሲፈነዳ ወይም ለደስታ ተብሎ ጥይት ሲተኮስ ሊደነግጡ፣ ሊደበቁ፣ ሊሸኑ ይችላሉ። አስቀድሞ መንገር፣ ሲተኮስ አቅፎ መያዝ፣ «ይሄ የበዓል ድምፅ ነው፣ እዚህ ማንም አይነካህም» ማለት ይረዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በሰፈሩ ጨርሶ አለመተኮሱ ነው።

በውጭ አገር የሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ችግር ከዚህ ሁሉ የቀለለ ቢመስልም አለ። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ተማሪ የክፍል ጓደኞቹ በታኅሣሥ ወር አጋማሽ ገናን ሲያከብሩ በቤቱ የነቢያት ጾም ነው፤ የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ሲደርስ ደግሞ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ሌሊት ቅዳሴ አድሮ ጠዋት ክፍል የሚያንቀላፋውን ልጅ መምህሩ እንዲረዳው ቀድሞ አጭር መልእክት መጻፍ የወላጅ ሥራ ነው።

አንድ ነጻ ሰው

ብዙ ምክር ከመደርደር አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል፣ በበዓል ቀን ለልጆቹ አንድ ነጻ አዋቂ ይመደብ እላለሁ። ወጥ የማይሠራ፣ እንግዳ የማያስተናግድ፣ ጠላ ይዞ ያልተቀመጠ ሰው። ሥራው ቀላል ነው፦ ልጆቹ በለመዱት ሰዓት በልተዋል ወይ? ሽንት ቤት ሄደዋል? ከግርግሩ ለግማሽ ሰዓት ወጥተዋል? እናትየዋ ከሌሊት ጀምሮ ቆማለችና ይህን ሥራም በእሷ ላይ መጨመር ግፍ ነው። አባት፣ አጎት፣ ወይም ሥራ ያልበዛበት ዘመድ ይችለዋል። የዶሮው ወጥ እስኪደርስ ልጅ ለምን ይራባል? በስድስት ሰዓት እንጀራ በእንቁላል ይብላ፤ ማዕዱ ሲቀርብ ከሌላው ጋር ይቀማምሳል።

በዋዜማው ነገ የሚሆነውን በቅደም ተከተል መንገርም ብዙ ችግር ያስቀራል። ለትንሽ ልጅ «ከሦስት ቀን በኋላ» ማለት ትርጉም የለውም፤ «ሦስት ጊዜ ትተኛለህ፣ ከዚያ» ሲባል ይገባዋል። «ጠዋት አያትህ ቤት እንሄዳለን፣ ብዙ ሰው ይኖራል፣ ሲደክምህ እጄን ሁለቴ ጨብጠኝ፣ እንወጣለን» ማለት ይቻላል። ሲጨብጥ ግን በእውነት መውጣት ያስፈልጋል። ለጥምቀት እንደ ጃን ሜዳ ባለ ቦታ የሚሄድ ሰው የልጁን ስምና የወላጅ ስልክ በወረቀት ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይክተት፤ በአዋቂ ጉልበት ከፍታ ላይ ያለ ልጅ ከሕዝቡ የሚያየው እግር ብቻ ነው፣ ቶሎም ይጠፋል። በአንድ ቀን ሦስት ቤት መዞርም ለማንም አይበጅም። ሁለቱ ለማግስቱ ቢያድሩ ወዳጅ አይቀየምም።

ልጁ ከፈነዳ በኋላ ግን ትምህርት አይገባውም። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፣ ራሱም አያውቅም። ከተመልካች አርቆ ወደ ጓዳ ወይም ወደ ግቢ መውሰድ፣ ዝቅ ብሎ ከቁመቱ ጋር እኩል መሆን፣ ቃል መቀነስ፦ «ተናደሃል። እዚህ ነኝ።» እህቱን ከመታ እጁን ያዙ፣ «መምታት የለም» በሉ፣ ጨርሱ። ማባበል ማለት የጮኸበትን ነገር መስጠት አይደለም፤ ለስላሳው ተከልክሎ ከነበረ ተከልክሎ ይቆያል። አዋቂው ራሱ ከተቆጣ መጀመሪያ እሱ ይተንፍስ፤ የልጅ ልብ ምት የሚረጋው ከተረጋጋ ሰው አጠገብ ነው። ዱላ ጩኸቱን ሊያቆም ይችላል፣ ግን የሚያቆመው በሌላ ፍርሃት ነው። ወሬው ከምግብና ከእንቅልፍ በኋላ ይደረግ፣ አጭርም ይሁን።

ከፍ ያሉ ልጆች አይጮኹም፤ ስልካቸውን ይዘው ይዘጋሉ፣ በአንድ ቃል ይመልሳሉ። የአሥራ አራት ዓመቱ ወንድሟ ከእንግዳ ጋር ተቀምጦ ሳለ እሷ ከዋዜማው ጀምራ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ሰሃን ስታጥብ የዋለች ታዳጊ «ጠባይዋ ተለወጠ» ስትባል እኔ የምፈርደው ለእሷ ነው። ሰሃኑ ይከፋፈል፣ ጠባይዋ ይመለሳል።

ኦቲዝም ያለባቸው፣ ወይም ትኩረትና እንቅስቃሴያቸውን መቆጣጠር የሚቸገሩ ልጆች የበዓል ድምፅ፣ ሽታና ግፊያ ከሌላው ልጅ በላይ ይከብዳቸዋል። ጆሮን መያዝ፣ መወዛወዝ፣ ከቤት መሮጥ የስድነት ምልክት አይደለም፤ መውጫ መፈለግ ነው። የሚሸሹበት ጸጥ ያለ ክፍል ከወዲሁ ይዘጋጅ፣ የለመዱት ምግብና አሮጌ ልብሳቸው አይከልከሉ፤ አዲስ ጥበብ የሚቧጥጠው ልጅ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ያለው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በዚህ ሥራ ለዓመታት የቆየ ነው።

ማግስቱና ከዚያ በኋላ

ከበዓል በኋላ ሁለት ሦስት ቀን መነጫነጭ፣ ሆዴን አመመኝ ማለት፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ወይም ጣት መጥባት መመለሱ የተለመደ ነው። የሆድ ሕመሙ ውሸት አይደለም፤ ጭንቀት አንጀትን በእውነት ያስጨንቃል። የመኝታ ሰዓቱን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እያስቀደሙ ወደ ነበረበት መመለስ፣ ለአንድ ሁለት ቀን እንግዳ አለመቀበል ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አልጋ ያረጠበን ልጅ በሰው ፊት ማሳፈር ነገሩን ያራዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም።

ለውጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ልጁ መብላትና መተኛት ካቆመ፣ ትምህርት ቤት መሄድን አምርሮ ከፈራ፣ ከሚወደው ጨዋታ ከራቀ፣ አንድን የተወሰነ ዘመድ ሲያይ የሚደነግጥ ከሆነ የባለሙያ ዓይን ያስፈልገዋል። የመጨረሻው ምልክት በተለይ ችላ አይባልም፤ በዓል ልጆች ከብዙ አዋቂ ጋር ያለ ጠባቂ የሚቆዩበት ጊዜ ነውና፣ በእርጋታ ይጠየቅ፣ የተናገረውም ይታመን። «ብሞት ይሻላል» ያለ ወይም ራሱን የጎዳ ልጅ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ያንኑ ቀን ይወሰድ። መጀመሪያ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይቻላል፤ በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ጸበልም ሆነ ዱዓ የሚያደርግ ቤተሰብ ሕክምናውን አብሮ ማስኬድ ይችላል፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሲኬድ ለውጡ የጀመረበት ቀን፣ ልጁ በስንት ሰዓት እንደሚተኛና እንደሚነቃ፣ ምን እንደሚበላ፣ በዚያ ሰሞን በቤቱ የሆነውና ማን ማን እንደነበረ በወረቀት ተጽፎ ቢያዝ ሐኪሙ ሥራውን ከዚያ ይጀምራል።